ስማችን በሽቦ ሲላክ፦ ከዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት የተነሳ ታሪክ

ደብዳቤ እየጻፍን ያደግን ሰዎች አጀማመሩን አንረሳውም። «ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ እገሌ፤ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።» ተቀባዩ ማንበብ ባይችል እንኳ፣ የጎረቤት ተማሪ ጠርቶ ሲያስነብብ ስሙ የት ላይ እንደሚጠራ፣ ሰላምታው የት አብቅቶ ጉዳዩ የት እንደሚጀምር ጆሮው ያውቀዋል። በላኪውና በተቀባዩ መካከል ያልተጻፈ ውል ነበር ማለት ነው። ኮምፒዩተሮችም የሚጻጻፉት በውል ነው። ማሽን ግን ልማድ አያውቅምና ውሉ አንድ ሳይቀር ተጽፎ ይሰጠዋል፤ ያልታሰበበት ነገር ወይ ይጠፋል ወይ ይጣመማል። እኛን የሚነካንም ይኸው ነው፤ ስማችንም ፊደላችንም በዚያ ውል ውስጥ ያልፋሉና።

የዚህ ታሪክ አንዱ ትልቅ ምዕራፍ የተጀመረው ሩቅ አገር አይደለም። በዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት በሃይ ስትሪት የምታልፉ ሁሉ ወደ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብታችሁ ኦቫል የሚባለውን ሰፊ ሣር ብትሻገሩ ከዋናው ቤተ መጻሕፍት ትደርሳላችሁ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 1967 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የኦሃዮ ኮሌጆች ቤተ መጻሕፍት ማዕከል፣ በአጭሩ ኦሲኤልሲ፣ በዚሁ ግቢ ተመሠረተ። የመጀመሪያ ቢሮው በዋናው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲሆን የመጀመሪያው የኮምፒዩተር ክፍሉ ደግሞ በዩኒቨርሲቲው የምርምር ማዕከል ነበር። ሥራውን የመሩት ከየል ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፍሬድሪክ ኪልጎር ናቸው። ሐሳባቸው ቀላል ነበር፦ አንድን መጽሐፍ አንድ ቤተ መጻሕፍት አንዴ ከመዘገበው ሌሎቹ እንደገና ለምን ይደክማሉ? መዝገቡን በስልክ መስመር ይቀባበሉት።

ነሐሴ 26 ቀን 1971 ሐሳቡ ሥራ ላይ ዋለ። ከኮሎምበስ ደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው በአቴንስ ከተማ (የግሪኳ ሳትሆን የኦሃዮዋ) የኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ አልደን ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ከመስኮተ ጽሑፍ ፊት ተቀምጠው ጠየቁ፤ ኮሎምበስ ያለው ሲግማ 5 የተባለ ኮምፒዩተር መለሰ። በዚያ አንድ ቀን 133 መጻሕፍት ተመዘገቡ። ዛሬ ጠያቂውን ክላየንት፣ መላሹን ሰርቨር ይሉታል። የያኔዎቹ መስኮቶች እንደ ዛሬው ክላየንት በራሳቸው የሚያሰሉ አልነበሩም፤ አሠራሩ ግን ይህን ጋዜጣ ካነሳችሁበት ምግብ ቤት አይለይም። እንግዳው ያዛል፣ ወጥ ቤቱ ያቀርባል።

ታዲያ ምን ተባባሉ? መዝገቡ የተሠራበትን ውል ያዘጋጁት በዋሽንግተኑ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይሠሩ የነበሩት ወይዘሮ ሄንሪየት አቭራም ናቸው፤ ስሙም ማርክ ይባላል። የማርክ መዝገብ ሲጀምር 24 ምልክት የያዘ መግቢያ አለው። ከዚያ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 5 አሃዞች የመዝገቡን ጠቅላላ ርዝመት ይናገራሉ። ቀጥሎ ማውጫ ይመጣል፤ ለእያንዳንዱ ክፍል 12 አሃዝ፦ 3ቱ የክፍሉ መለያ ቁጥር፣ 4ቱ ርዝመቱ፣ 5ቱ የሚጀምርበት ቦታ። ደራሲው በ100፣ አርእስቱ በ245 ይቀመጣል። ማሽኑ መጽሐፉን ሳያውቀው ደራሲውን ከአርእስቱ ለይቶ ያወጣል።

ይህ ጥንቃቄ ኋላ ኢንተርኔት ሲመጣ ይበልጥ አስፈላጊ ሆነ። ጥር 1 ቀን 1983 የኢንተርኔት እናት የሆነው አርፓኔት ቲሲፒ/አይፒ ወደተባለው ውል ተሸጋገረ። በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ያወጡት የዩኒክስ ዝግጅት «ሶኬት» የሚባለውን ነገር አስለመደ። ስሙ ከግድግዳው የመብራት ሶኬት ጋር አንድ ነው፤ አንዱ ፕሮግራም በአንድ በኩል ይሰካል፣ ሌላው በሌላ በኩል፣ መሐል ላይ ባይት ይፈስሳል። ቲሲፒ የላክነው ቅደም ተከተሉ ሳይዛባ እንዲደርስ ይጥራል። አንድ ነገር ግን አያደርግም፤ አንዱ መልእክት የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ አይናገርም። በቧንቧ እንደሚወርድ ውሃ ነው። ሁለት እንስራ ውሃ ላይ ብንገለብጥ፣ ታች የሚቀዳው ሰው የትኛው ከየትኛው እንስራ እንደመጣ አያውቅም። ስለዚህ ላኪው አስቀድሞ «የምልከው ይህን ያህል ነው» ይላል፣ ወይም መጨረሻውን በምልክት ያሳውቃል። ማርክ ርዝመቱን አስቀድሞ የሚናገረውም ለዚህ ዓይነቱ ችግር ነው። ቤተ መጻሕፍት እርስ በርስ በኮምፒዩተር የሚጠያየቁበት ዚ39.50 የተባለ ውል በ1988 ሲጸድቅም በዚሁ መንገድ ሄደ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በማርክ ክፍል 100 ራስ ላይ አንዲት አሃዝ አለች። 0 ከሆነች «ይህ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው» ማለት ነው፤ 1 ከሆነች «የቤተሰብ ስም ይቀድማል» ማለት ነው። የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ደራሲ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን እንውሰድ። በ0 ሲመዘገቡ ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። መዝጋቢው ሳያውቅ 1 ቢጽፍ «ዓለማየሁ፣ ሐዲስ» ይሆኑና ልጅ የጻፈው መጽሐፍ በአባት ስም ይደረደራል። ማሽኑ አልተሳሳተም፤ የተነገረውን ነው የፈጸመው። ስሕተቱም እዚያው አይቀርም፤ አንዱ የመዘገበውን ሌላው ስለሚቀዳ በአንድ ቀን ከብዙ ከተማ ይደርሳል። ድካምን የቀነሰው ያው ብልሃት ስሕተትንም ያባዛል።

ሁለተኛው ነገር ፊደላችን ነው። የማርክ የቀድሞው የፊደል ሰሌዳ ከላቲን ሌላ የዓረብኛ፣ የሩሲያ፣ የግሪክ፣ የዕብራይስጥና የሩቅ ምሥራቅ ጽሕፈቶችን ሲያካትት ግዕዝ አልነበረበትም። ስለዚህ የአማርኛ መጽሐፍ በላቲን ፊደል ተገልብጦ ይመዘገብ ነበር። ሀሌታው «ሀ»፣ ሐመሩ «ሐ» እና ብዙኃኑ «ኀ» በላቲኑ ፊደል ላይ በሚደረግ ምልክት ብቻ ይለያሉ፤ ምልክቱን የማያውቅ አንባቢ የአገሩን መጽሐፍ አጠገቡ እያለ ሊያጣው ይችላል።

በ1990ዎቹ አማርኛ በኮምፒዩተር የጻፍን ሁሉ የምናስታውሰው ሌላም ጣጣ ነበር። እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ለፊደሎቹ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርምስ ይሆናል። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ያዘጋጁት «ሴራ» የተባለው ዘዴ አማርኛን በተራ የላቲን ፊደላት ወክሎ በማናቸውም መስመር እንዲያልፍ አስቻለ። በመጨረሻ በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል ቋሚ ቁጥር ሰጠው፤ ዓለም አቀፉ ውል አወቀን።

ይህ ማለት ግን ነገሩ አበቃ ማለት አይደለም። ዛሬ በብዛት በሚሠራበት ዩቲኤፍ-8 አንድ የላቲን ተራ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ሰላም» 3 ፊደል ነው፤ በሽቦ ላይ ግን 9 ባይት ነው። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ፊደል ቆጥሮ «3 ልኬያለሁ» ቢል፣ ተቀባዩ «ሰ»ን ብቻ ይወስዳል። የቀሩትን 6 ባይቶች የሚቀጥለው መልእክት መጀመሪያ አድርጎ ያነባቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይበላሻል። በእንግሊዝኛ ብቻ ቢሞክረው ኖሮ ስሕተቱን ፈጽሞ አያየውም ነበር፤ ቁጥሮቹ እኩል ናቸውና። ኮምፒዩተር የምትማሩ ልጆቻችን ይህን ያዙልን፦ ርዝመት ስትናገሩ ባይት ቁጠሩ፣ ሥራችሁንም በአማርኛ ፈትኑት።

ኦሲኤልሲ በ1981 ስሙን ለውጦ ወደ ደብሊን፣ ኦሃዮ ተዛወረ፤ የመጨረሻውን የካታሎግ ካርድ ያተመው በ2015 ነው። ካርዱ ቢቀርም ውሉ አልቀረም። በዚህ አገር በየመሥሪያ ቤቱ የምንሞላው ቅጽ ከማርክ ክፍል 100 ጋር ዘመድ ነው። ባል በአባቱ፣ ሚስት በአባቷ፣ ልጆች በአባታቸው ስም ሲመዘገቡ አንድ ቤት ሦስት «የቤተሰብ ስም» ይዞ ይገኛል፤ ትምህርት ቤት ልጅ ለመውሰድ የሄደች እናትም ማንነቷን ማስረዳት አለባት። ቅጹን የቀረጸው ሰው ክፉ አልነበረም፤ አልጠየቀንም፣ እኛም አልነገርነውም።

ስለዚህ እንናገር። መጽሐፍ የምታሳትሙ ወገኖች ስማችሁ እንዴት እንደሚመዘገብ ለቤተ መጻሕፍቱ ንገሩ። በካታሎግ የተገለበጠ ስም ያየ አንባቢ ለሠራተኛው ያመልክት፤ የምትታረመው አንዲት አሃዝ ናት። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ አባቶቻችን። አሃዟን የሚጽፋት ግን ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ሲነገረው ይሰማል።