የኢንተርኔት መስመሮች መነሻ እንዴት ይታወቃል?

የኢንተርኔት አገልግሎት ራሳቸውን ችለው በሚተዳደሩ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ኔትወርኮች ትስስር የሚከናወን ነው። እያንዳንዱ ኔትወርክ መለያ ቁጥር ያለው ሲሆን፣ የያዛቸውን አድራሻዎች ቢጂፒ በተሰኘው የአሠራር ደንብ አማካይነት ለጎረቤቶቹ ያሳውቃል። ጎረቤቶቹም ማሳወቂያውን ሲያስተላልፉ የየራሳቸውን ቁጥር ከፊት ይጨምሩበታል። በመሆኑም የቁጥሮቹ ሰልፍ ከግራ ወደ ቀኝ ሲነበብ የመጨረሻው ቁጥር የማሳወቂያውን መነሻ ያመለክታል።

በአሜሪካ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ራውትቪውስ ፕሮጀክት እና መቀመጫውን በአምስተርዳም ያደረገው ራይፕ ኤንሲሲ ማሳወቂያዎቹን ሰብስበው ለሕዝብ በነጻ ያቀርባሉ። መረጃው ኤምአርቲ በሚባል ለኮምፒዩተር ብቻ በሚነበብ ቅርጽ ስለሚቀመጥ በቅድሚያ በሶፍትዌር ወደ ጽሑፍ ይለወጣል። ከእያንዳንዱ መዝገብም ሰዓቱ፣ የአድራሻው ምድብ እና የቁጥሮቹ ሰልፍ ተለይተው ይወጣሉ።

የዚህ አሠራር ጠቀሜታ በጉልህ የታየው የካቲት 16 ቀን 2000 ዓ.ም ነበር። በዕለቱ ፓኪስታን ቴሌኮም በአገሩ ውስጥ ዩቲዩብን ለመዝጋት ያወጣው ማሳወቂያ በስህተት ወደ ውጭ ወጥቷል። ዩቲዩብ በመለያ ቁጥር 36561 የሚያሳውቀው ምድብ 1 ሺህ 24 አድራሻዎችን የያዘ ሲሆን፣ ፓኪስታን ቴሌኮም ያሳወቀው ከእነዚሁ ውስጥ 256ቱን ነበር። ራውተሮች ጠበብ ላለው ምድብ ቅድሚያ ስለሚሰጡ የዓለም ተጠቃሚዎች ጥያቄ ወደ ፓኪስታን አመራ። ችግሩ በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 3፡47 ጀምሮ እስከ ሌሊቱ 6፡01 ቆይቷል። በተሰበሰበው መረጃ ላይ ሰልፉ በ3491 እና በ17557 የሚያበቃ በመሆኑ፣ መነሻው ፓኪስታን ቴሌኮም፣ አስተላላፊው ደግሞ ፒሲሲደብሊው ግሎባል መሆናቸው ሊረጋገጥ ችሏል።

ይሁንና ውጤቱ ሲተረጎም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንድ ቁጥር በሰልፉ ውስጥ ተደጋግሞ ሊጻፍ ስለሚችል እንደ አንድ ሊቆጠር ይገባል። የመጨረሻው ቁጥርም ሆን ተብሎ በሐሰት ሊገባ ይችላል። ከዚህም ሌላ ቁጥሩ የተመዘገበበት አገር መሣሪያው ከሚገኝበት አገር ጋር ሁልጊዜ አንድ አይደለም።

ከሁሉም በላይ መረጃው አድራሻውን ያሳወቀው ማን እንደሆነ ይናገራል እንጂ መብቱ የማን እንደሆነ አይናገርም። ይህን ክፍተት ለመሙላት ደረጃዎቹ በ2004 ዓ.ም የወጡት አርፒኬአይ የተባለው ሥርዓት፣ ባለአድራሻው የትኛው ቁጥር እንዲያሳውቅለት እንደፈቀደ በዲጂታል ፊርማ እንዲያረጋግጥ ያስችላል።

በአፍሪካ አድራሻዎችንና መለያ ቁጥሮችን የሚመድበው አፍሪኒክ ሲሆን፣ ኢትዮ ቴሌኮም 24757 በሚለው ቁጥር ይታወቃል። የራሱ አድራሻ ያለው ተቋም ምድቦቹንና የተፈቀደላቸውን መነሻ ቁጥር በመዝገብ ከያዘ፣ ከዚህ ውጭ የሆነ መነሻ ሲታይ ወዲያውኑ ሊለየው ይችላል። መዝገቡ በሌለበት ግን ትክክለኛውን ከስህተቱ መለየት አዳጋች ይሆናል።