የምድር እስትንፋስና የተረሳው ሊቅ

ሰው ምድር መኖሪያ የሆነችለት በላይዋ ስለሚያየው አፈር፣ ውሃና ነፋስ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ለመኖሪያነቷ ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱ ዓይን ከማያየው ከሆዷ የሚወጣ መሆኑን የምርምር ታሪክ ያስረዳናል። ይህንን አስቀድሞ ያስተዋለው ዣክ ዦሴፍ ኤቤልመን የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ነው። በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።

ኤቤልመን በ1814 ተወለደ፤ በፓሪስም በማዕድን ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበረ። በ1845 ባሳተመው ጽሑፍ ስለ ድንጋይ መበስበስ እንዲህ ሲል አስረዳ፤ የዝናብ ውሃ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ከአየር ይዞ ይወርድና የተራራውን ድንጋይ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል፤ ወንዞችም የሟሟውን ወደ ባሕር ይወስዱታል፤ በዚያም የኖራ ድንጋይ ሆኖ ይቀመጣል። እንግዲህ ጋዙ ዘወትር በድንጋይ ውስጥ የሚታሰር ከሆነ ከአየር ፈጽሞ ያላለቀው ስለ ምንድን ነው? እሳተ ገሞራዎች ከምድር ውስጥ መልሰው ስለሚያወጡት ነው አለ።

ይህ ሊቅ በ1852 ገና በ37 ዓመቱ ሞተ፤ ሐሳቡም ከእርሱ ጋር የተቀበረ ያህል ሆነ። ስዊድናዊው ሆግቦም በ1894፣ አሜሪካዊው ሃሮልድ ዩሪም በ1952 በዚያው መንገድ ሄደው ጻፉ፤ ክብሩም ለዩሪ ተሰጠ። በርነርና ማሽ የተባሉ ተመራማሪዎች ለኤቤልመን ቀዳሚነት የመሰከሩለት በ1996፣ ማለት ከ151 ዓመት በኋላ ነው።

በዚህ መካከል በ1981 ዎከር፣ ሄይስና ካስቲንግ የተባሉ ሦስት ሊቃውንት የነገሩን ምስጢር አብራሩት። ምድር ስትሞቅ ድንጋዩ ፈጥኖ ይሟሟል፤ ጋዙም ከአየር ስለሚቀንስ ሙቀቱ ይበርዳል። ምድር ስትቀዘቅዝ ግን መሟሟቱ ይዘገያል፤ ከውስጥ የሚወጣው ጋዝም ተከማችቶ መልሶ ያሞቃታል። በአገራችን በአፋር ኤርታሌ ሲያጨስ የሚታየውም የዚሁ የምድር እስትንፋስ ክፍል ነው።

እስትንፋሱ ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን ሁለቱ ጎረቤቶቻችን ያሳያሉ። መሪኅ የምትባለው ማርስ ታናሽ ስለ ሆነች ውስጧ ፈጥኖ በረደ፤ እሳተ ገሞራዎቿም ደከሙ፤ ዛሬ የአየሯ ክብደት ከምድር አየር አንድ መቶኛ አይሞላም። ዝሁራ የምትባለው ቬነስ ደግሞ ጋዙን ወደ ድንጋይ የሚመልስ ባሕር የላትም፤ ስለዚህ የአየሯ ክብደት ከእኛው 90 እጥፍ ያህል፣ የገጿም ሙቀት ወደ 460 ዲግሪ ደርሷል። አንዲቱ መስጠትን ተወች፤ ሁለተኛይቱ መልሶ መውሰድን አጣች።

ስለዚህ የምድር ሕይወት የቆመው በመስጠትና በመቀበል ሚዛን ነው። ይህ ሚዛን ግን የሚስተካከለው በብዙ መቶ ሺህ ዓመታት ነው። የሰው ልጅ ዛሬ ከሰልና ነዳጅ እያቃጠለ በየዓመቱ ወደ አየር የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እሳተ ገሞራዎች ሁሉ ከሚያወጡት ከ50 እጥፍ ይበልጣል። ምድር የበዛውን በጊዜዋ መልሳ ትወስደው ይሆናል፤ የእኛ ዕድሜ ግን ያንን ያህል አይጠብቅም። የኤቤልመን ቃል 151 ዓመት ሊዘገይ ቻለ፤ ዛሬ የሚነገረው ቃል ግን ይህን ያህል ሊዘገይ አይገባውም።