ምራቅ፣ ክብርና ቸነፈር በቻይና

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 24 ቀን 1982 የብሪታንያዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር ቤጂንግ በሚገኘው የሕዝብ ታላቁ አዳራሽ ከቻይናው መሪ ዴንግ ዢያዎፒንግ ጋር ተቀመጡ። ጉዳዩ ሆንግ ኮንግ ነበር፤ ሁለቱም ወገን ቃሉን የማያለዝብበት ክርክር። በዴንግ ወንበር አጠገብ የአክታ መትፊያ ዕቃ ተቀምጧል። ሽማግሌው ሲጋራቸውን ያጨሳሉ፤ በንግግሩ መሐል ጎንበስ ብለው ጉሮሯቸውን ይጠርጉና ይተፋሉ፤ ከዚያ ቀና ብለው ክርክሩን ይቀጥላሉ። ይህ ወሬ በምዕራቡ ዓለም ለዓመታት ተወራ። ብዙዎችም ቻይናውያን ስለ ንጽሕና ግድ እንደማይሰጣቸው ማስረጃ አድርገው ያዙት።

እኔ ግን እዚያ አዳራሽ ውስጥ የማየው ሌላ ነገር ነው። ዕቃው እንግዳ መቀበያ ክፍል ውስጥ የተቀመጠው አክታ ወለል ላይ እንዳይወድቅ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1972 የቻይናውን መሪ ማዎ ዜዱንግን በማዎ የንባብ ክፍል ሲያነጋግሩ በተነሡት ፎቶግራፎች ላይም ይኸው ዕቃ ከወንበሮቹ እግር ሥር ይታያል። ዴንግና ማዎ ያደጉበት ዘመን ሥርዓት የሚጠይቀው ሰው አለመትፋቱን ሳይሆን የት እንደሚተፋና በማን ፊት እንደሚተፋ ማወቁን ነበር።

ሥርዓቱም የትናንት አይደለም። ከኮንፉሽየስ ትምህርት መሠረቶች አንዱ የሆነው ጥንታዊው የሥርዓት መጽሐፍ፣ ልጅ በወላጆቹና በአማቶቹ ፊት ምራቁን እንዳይተፋና እንዳይናፈጥ ይከለክላል። የወላጆቹን ምራቅና ንፍጥ ደግሞ ሰው ሳያየው እንዲያነሣ ያዘዋል። ነውሩ ከጀርም ጋር ግንኙነት አልነበረውም፤ ታናሽ ለታላቁ የሚያሳየው አክብሮት ጉዳይ ነበር። በሌላ በኩል የቻይና ባህላዊ ሕክምና አክታን የበሽታ ምንጭ አድርጎ ስለሚቆጥረው፣ መዋጥ ጎጂ፣ አውጥቶ መጣል ደግሞ ጤና ነው። ሰው ሁለቱን ትምህርቶች አብሮ ይዞ ይኖር ነበር።

ምራቅ ስድብም ነበር፤ እንደ ሎው ሺደ ታሪክ ይህን አጉልቶ የሚያሳይ አላገኘሁም። ሎው በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በራሷ ስም ንጉሠ ነገሥት ሆና ቻይናን የገዛችው ዉ ዜትየን ዘንድ ትልቅ ባለሥልጣን ነበር። ታናሽ ወንድሙ የአውራጃ ገዥ ሆኖ ሲሾም ጠርቶ መከረው። የቤተሰባችን ሹመት ሲበዛ ምቀኛውም ይበዛል፤ እንዴት ልትሆን ነው? አለው። ወንድምየው፣ ሰው ፊቴ ላይ ቢተፋብኝ እንኳ ዝም ብዬ እጠርገዋለሁ ብሎ መለሰ። ሎው ግን በዚህ መልስ ይበልጥ ተጨነቀ። ከጠረግኸው የተፋብህን ሰው ቁጣ መቃወምህ ነው፤ ፈገግ ብለህ ተቀበለውና በራሱ ይድረቅ አለው። ቻይናውያን ዛሬም የማይነገር ውርደትን በትዕግሥት የሚሸከምን ሰው የሚገልጹት ከዚህ ታሪክ በወጣ አባባል ነው። በሴራ በተሞላ ቤተ መንግሥት ውስጥ ምክሩ ነፍስን ማትረፊያ እንደነበር አምናለሁ።

ምራቅ ገዳይ መሆኑ በግልጽ የታየው በ1910 መጨረሻ፣ በማንቹሪያ ብርድ ውስጥ ነው። ሐርቢን ከተማ ሰው ሳል ይጀምረዋል፤ አክታው ደም ይሆናል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። መንግሥት በፔናንግ ተወልዶ በካምብሪጅ የተማረውን የ31 ዓመቱን ሐኪም ዉ ሊየን ቴን ላከ። ብዙዎች በሽታው የሚተላለፈው በአይጥ ቁንጫ ነው ሲሉ፣ እሱ አስከሬን መርምሮ ቸነፈሩ የሳንባ መሆኑን፣ ከሰው ወደ ሰውም በሳልና በአክታ ፍንጣቂ እንደሚሄድ አረጋገጠ። ሐኪሞችና አስከሬን አንሺዎች በሻሽና በጥጥ የተሠራ ጭንብል እንዲያደርጉም አዘዘ። ፈረንሳዊው ሐኪም ጌራልድ ሜኒ የወጣቱን ቻይናዊ ቃል ናቀ። ጭንብል ሳያደርግ በሽተኞችን መረመረ፤ ብዙም ሳይቆይ በዚያው በሽታ ሞተ። ከዚያ በኋላ ብዙዎች ጭንብሉን አደረጉ። መሬቱ በበረዶ ደርቆ ሊቆፈር ስላልቻለ ከ2,000 በላይ አስከሬን በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ተቃጠለ፤ ቅድመ አያቶቹን ለሚያከብር ሕዝብ ይህ እንዴት ያለ መራራ ውሳኔ እንደነበር መገመት አያዳግትም። ወረርሽኙ 60,000 ያህል ሰው ጨርሶ በ1911 የጸደይ ወራት ቆመ።

ፖለቲከኞቹ ግን ጉዳዩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰዱት። የቻይና ሪፐብሊክ መሥራች ሱን ያት ሴን ራሳቸው ሐኪም ነበሩ። በ1924 በጓንግዡ ባደረጉት ንግግር አንድ የአሜሪካ መርከብ ካፒቴን ያጫወታቸውን አነሡ። ካፒቴኑ እንዳለው፣ አንድ ቻይናዊ ባለሥልጣን በመርከቡ ውድ ምንጣፍ ላይ ይተፋል። ካፒቴኑም ያፍር እንደሆነ ብሎ፣ ሰውየው ፊት የራሱን የሐር መሐረብ አውጥቶ አክታውን ይጠርጋል። ሰውየው ነገሬም አላለው። ሱን እንደዚህ ያለው ጠባይ ባዕዳን ቻይናውያንን ራሳቸውን ማስተዳደር የማይችሉ አድርገው እንዲያዩ ምክንያት ሆኗል ብለው አዘኑ። የብሔርተኞቹ መሪ ቺያንግ ካይሼክ በ1934 በናንቻንግ የጀመሩት የአዲስ ሕይወት ንቅናቄም መንገድ ላይ መትፋትን ከአገር ውርደት ቆጠረው። ኮሚኒስቶቹ በ1952፣ በኮሪያው ጦርነት ወቅት፣ አገር አቀፍ የጤና ዘመቻ ሲያውጁ ዝንብና አይጥ ከማጥፋት ጋር ይህንኑ ልማድ ተዋጉ።

በምዕራባውያን ዓይን መሸማቀቅ ግን ያለ ቦታው ነበር እላለሁ። እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ በ1842 አሜሪካን ጎብኝቶ በዋሽንግተን ባየው የትምባሆ ምራቅ ተጸይፎ ጽፏል። ኒው ዮርክ በሕዝብ ቦታ መትፋትን በደንብ የከለከለችው በ1896 ነው፤ ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮህ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ካገኘ ከ14 ዓመት በኋላ። አሜሪካኖቹም ልማዳቸውን የተዉት በሽታን ፈርተው ነው።

በቻይናም የሆነው ይኸው ነው። ከጓንግዶንግ ተነሥቶ በ2003 ዓለምን ያስጨነቀው ሳርስ የተባለ የመተንፈሻ አካል በሽታ 8,000 ያህል ሰው ይዞ 774 ገደለ፤ መንገድ ላይ የሚተፋ ሰውም በጎረቤቶቹ ዘንድ የሚያስፈራ ሆነ። ቤጂንግ ለ2008ቱ ኦሊምፒክ ስትዘጋጅ የሚተፋውን እስከ 50 ዩዋን ትቀጣ ነበር፤ በጎ ፈቃደኞችም አክታ የሚተፋበት ከረጢት ያድሉ ነበር። ገንዘቡ ትንሽ ነበር፣ ከረጢቱ ግን ብልህ ነበር፤ ሰውየው ጉሮሮው ውስጥ ያለውን የት እንደሚያደርሰው መልስ ሰጥቶታልና። ሆንግ ኮንግ ጠንከር ብላለች፦ ቅጣቱን በሳርሱ ዓመት ከ600 ወደ 1,500 የሆንግ ኮንግ ዶላር፣ በ2023 ደግሞ ወደ 3,000 አሳደገችው።