መጣፍና መጣፍ

በሸዋ ባላገር አነጋገር «መጣፍ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው መጽሐፍ ነው፤ ሁለተኛው የተቀደደውን በእራፊ ደፍኖ መስፋት ነው። ቃላቱ ከአንድ ሥር ይፍለቁ ወይም ድምፃቸው ብቻ ይገጣጠም፣ እሱን ለሰዋስው ሊቃውንት እተዋለሁ። እኔ ግን ሁለቱን መጣፎች በመንዝና ግሼ ደጋ፣ በቀየት፣ በአንድ አሮጌ የብራና መጽሐፍ ላይ ተገናኝተው አይቻቸዋለሁ። የመጽሔታችን አዘጋጆች ጃፓኖች «ኪንጹጊ» ስለሚሉት ጌጠኛ የእጅ ጥገና እንድጽፍ ሲጠይቁኝም አስቀድሞ ትዝ ያለኝ እሱ ነው።

ኪንጹጊ ምን እንደ ሆነ ባጭሩ ላስረዳ። የተሰበረው የሸክላ ዕቃ ስብርባሪ «ኡሩሺ» በሚባል የዛፍ ሙጫ ይጋጠማል፤ በመጋጠሚያው መስመር ላይም ሙጫው እንደገና ይቀባና የወርቅ ዱቄት ይነሰነስበታል። ኡሩሺ ውሃው ተንኖ የሚደርቅ ነገር አይደለም፤ ሞቅ ባለና ርጥበት ባለበት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። በዚህም ምክንያት አንድ ሲኒ ለመጠገን ሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ወራት ያስፈልጋሉ። ጥሬው ሙጫ የሰውን ቆዳ ስለሚያሳክክ ጀማሪው ተማሪ ከወርቁ በፊት የሚያገኘው ሽፍታውን ነው። ጥበቡ ከሻይ ሥነ ሥርዓት ጋር አብሮ የተስፋፋ ሲሆን፣ ዓላማው ስብራቱን መሸሸግ ሳይሆን ማሳየት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ወርቅ የተነሰነሰበት ጥገና በመንዝ ደጋ አናገኝም። የምናገኘው ስፌት ነው።

ብራና ከመጽሐፍነቱ በፊት ቆዳ ነው። ብዙውን ጊዜ የፍየል ቆዳ ተዘፍዝፎ በእንጨት መወጠሪያ ላይ ይወጠርና በሁለቱም ገጽ ይፋቃል። ገፋፊው ሲቸኩል ቢላዋው የነካት ትንሽ ጭረት ቆዳው ሲሳብ እየሰፋች እንቁላል መሳይ ቀዳዳ ትሆናለች። ስለዚህ ፋቂው ቆዳው ርጥብ ሳለ ቀዳዳዋን ይሰፋታል፤ ሲደርቅም ስፌቱ ከገጹ ጋር ይተካከላል። ሳይሰፋ የቀረ እንደ ሆነ ቁም ጸሐፊው አይጨነቅም፤ ቃሉን ከቀዳዳው ወዲህ ጀምሮ ከወዲያ ይጨርሰዋል። አልፎ አልፎም በቀይ ወይም በሌላ ቀለም ፈትል የተሰፋ ይገኛል። ነጭ ክር ለዚያው ሥራ ይበቃ ነበርና፣ ባለቀለሙን የመረጠው ሰው ስፌቱ እንዲታይለት ፈልጎ ነው ብል የምሳሳት አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ ለመሐንዲስ ዓይን ከብራናው ይልቅ የሚያስደንቀው ገበታው ነው። የእኛ መጻሕፍት ጥራዝ ቅጠሎቹን በሰንሰለት መልክ በሚያያዝ ስፌት አስሮ ክሩን በእንጨቱ ገበታ ቀዳዳዎች ያሳልፋል። በግብፅ ክርስቲያኖች ጥንታዊ መጻሕፍት ከሚታየው አሠራር ጋር የሚዛመድ ሲሆን ዋናውን ሸክም የሚሸከመው ሙጫ ሳይሆን ክር ነው። ገበታው ብዙውን ጊዜ ከዋንዛ ወይም ከሌላ አገር በቀል ዛፍ ይጠረባል፤ የእንጨቱም መስመር ከመጽሐፉ ቁመት ጋር ይሄዳል። መጽሐፉ ሲወድቅ ወይም እንጨቱ ሲደርቅ ገበታው ከላይ ወደ ታች ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ጠጋኙ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ቀዳዳዎች ይበሳና እንደ ተቀደደ ልብስ በክር ይሰፋዋል። እንዲህ የተሰፋ ገበታ በየአብያተ ክርስቲያናቱና በየቤተ መጻሕፍቱ ጥቂት አይደለም።

ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ተአምረ ማርያሟን እንዳይላት ሰጠችኝ። ገበታው ከጫፍ ጀምሮ እስከ መካከሉ ተሰንጥቋል፤ በዚያ ላይ ያረጀ ስፌቱ ተበጥሷል። ጊዜው በጋ ነበር። በመማሪያ ክፍል የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝምና የተበጠሰውን ክር ነቅዬ ክፍተቱን በኤፖክሲ ሞላሁት። ሥራው ያማረ ነበር፤ ምንም አይታይም። ክረምት ገብቶ ጉሙ ደጋውን ሲሸፍን እንጨቱ ርጥበት ስቦ አበጠ። በጋ የከፈተውን ክፍተት በማይበገር ነገር ስለ ሞላሁት የሚዘጋበት ቦታ አጣ፤ ሙጫዬ ሽብልቅ ሆነና ስንጥቁ ከቆመበት ጫፍ ተነሥቶ ገበታውን ወደ ታች ጨርሶ ከፈለው። ጥፋቱ የኔ እንጂ የእንጨቱ አልነበረም።

በሚቀጥለው ዓመት መጽሐፉን የጠገኑት አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ናቸው። ኤፖክሲውን በቢላዋ ፍቀው አወጡ፤ እኔን ግን አላባረሩኝም። ወስፌውን በእጄ ሰጥተው፣ «ልጄ፣ ቀዳዳዎቹን በአንድ መስመር አትደርድራቸው» አሉኝ። ምክንያቱን አልነገሩኝም፤ እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። በአንድ የእንጨት መስመር ላይ የተደረደሩ ቀዳዳዎች ለአዲስ ስንጥቅ መንገድ ይጠርጋሉ። በኛ ሙያ የብረት ሳሕን በቡሎን ስናያይዝ የምንጠነቀቅለት ነገር ነው። ፈትሉ ጅማት ነበር፤ አርጥበው ሰፉበት፤ ሲደርቅ ራሱ ይጠብቃል። እኔ ግን በጉልበቴ ሳብኩት።

«ምን ታደርገዋለህ?» አሉኝ።

«እንዲጠብቅ ነው፣ የኔታ።»

«አታንቀው።»

ከእጃቸው የተማርኩት በዋናነት ይህን ነው፤ ስንት እንደሚሳብ። የጥንካሬ ስሌት እንድሠራለት ብጠየቅ እሠራ ይሆናል፤ እጄ ግን ልኩን ያወቀው ሦስት ጊዜ ካበላሸሁ በኋላ ነው።

ለዚህ ስፌት የቅርብ ዘመዱ ኪንጹጊ ራሱ ሳይሆን ከእሱ ጋር የሚነገር ሌላ ጥገና ነው። በጃፓን ትውፊት መሠረት በ15ኛው መቶ ዘመን ሾጉኑ አሺካጋ ዮሺማሳ የተሰነጠቀ የቻይና የሻይ ጽዋውን በምትኩ ሌላ እንዲላክለት ወደ ቻይና ላከው። ቻይናዎቹ እሱን የመሰለ እንደማይገኝ ገልጸው ስንጥቁን በብረት ማያያዣዎች ሰፍተው መለሱት። ታሪኩ በጽሑፍ የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1727 ኢቶ ቶጋይ ከጻፈው ነው። ኪንጹጊ የተፈለሰፈው በዚህ ጥገና አስቀያሚነት ምክንያት ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ነገሩ ግን ማስረጃ የለውም። እንዲያውም ጃፓኖቹ ጽዋውን ማያያዣዎቹ አንበጣ ስለሚመስሉ በአንበጣ ስም ጠርተው አከበሩት፤ ዛሬም በቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። ማያያዣዎቹን ነቅሎ በወርቅ የተካቸው የለም።

በእኛ በኩል እንዲህ ያለ ክብር የሚያገኘው ጽሑፉ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን፣ የባህል ሚኒስቴርና በአሜሪካ ሚኔሶታ የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ተባብረው የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመሩ፤ በጠቅላላው ከ9,000 በላይ ተነሥተዋል፤ ከሸዋም ብዙ አለበት። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በዚህ ክምችት ላይ የደከሙት ድካም የሚታወቅ ነው። ይህ ሥራ ባይሠራ ኖሮ የስንቱ መጽሐፍ ቃል በጦርነትና በእሳት በጠፋ ነበር። ዳሩ ግን ጥቁርና ነጩ ፊልም ቀይ ክርን ከጥቁሩ አይለይም፤ ገበታው በምን ፈትል እንደ ተሰፋ፣ ቀዳዳዎቹ በምን ያህል ርቀት እንደ ተበሱም አይነግረንም። መጽሐፍ እንደገና ሲጠረዝ የተሰፋው ገበታ ተጥሎ አዲስ ሲገባለት አይቻለሁ፤ የት እንደ ሆነ አልናገርም። በአንድ ገበታ ላይ ሦስት ዓይነት ፈትል ቢገኝ በሦስት ጊዜ ሦስት ሰዎች ጠግነውታል ማለት ነው። የአንድ ድልድይ የጥገና መዝገብ ሲጠፋ ምን እንደሚሰማን ለዚህ ማኅበር አባላት መንገር አያስፈልገኝም።

የቀየቱን ገበታ ንድፍ በሚሊሜትር ወረቀት ላይ አንሥቼዋለሁ፤ ቀዳዳዎቹ 14 ናቸው። 12ቱ የየኔታ ሲሆኑ ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ የወደቁት የኔ ናቸው። ሊደፍኗቸው ይችሉ ነበር፤ አልደፈኗቸውም። መጽሐፉን በማኅደሩ ከተው ለዲያቆኑ ሰጡት፤ በእሑዱ ቅዳሴም ተነበበበት።