ኮክ የሌለበት የኮክ ሽታ

ለምሽት ግብዣ የሚርከፈከፈው፣ አበባና ፍሬ የሚሸተው ጣፋጭ ሽቶ ፍሬው ከአትክልት ቦታ የመጣ የሚመስለው ሰው ተታሏል። ጽጌረዳና ጃዝሚን ሽታቸው በዘይት ይወጣል። ኮክ ግን ቢጨምቁት፣ ቢያፈሉት ለሽቶ ቀማሚ የሚሆን ጠብ አይልለትም። ታዲያ ከየት መጣ? ከብልቃጥ!

በ1908 እ.ኤ.አ. ዡኮቭና ሼስታኮቭ የተባሉ ሩሲያውያን ኬሚስቶች ቁርጥ ኮክ የሚሸት ላክቶን ሠሩ። ነጋዴው «አልዲሃይድ ሲ-14» አለው። ልብ በሉ፦ አልዲሃይድ አይደለም፤ ካርቦኖቹም 11 እንጂ 14 አይደሉም። ከእኛ አንዱ ፈተና ላይ እንዲህ ቢጽፍ ዜሮውን ይታቀፍ ነበር።

በ1919 ዣክ ጌርሌን ይህንኑ ከአበቦቹና ዛፍ ላይ ከሚበቅል ሽበት ጋር አዋህዶ ፓሪስ ላይ «ሚትሱኮ»ን አወጣ። ስሟ የተወሰደው ከክሎድ ፋሬር ልብወለድ ነው፤ የጃፓናዊ የባሕር ኃይል መኮንን ሚስት ናት። የልብወለዱ ጦርነት ደግሞ የጃፓንና የሩሲያ! ሩሲያውያን የሠሩትን ሽታ በጃፓናዊት ስም ፈረንሳይ ቸረቸረችው ማለት ነው።

የኬሚስቶቹ ስም ጠርሙሱ ላይ የለም። የለቃሚዎቹም የለም። በዚያ ዘመን በደቡብ ፈረንሳይ፣ በግራስ፣ ጃዝሚን የሚለቀመው ማለዳ ተጎንብሶ፣ አበባ በአበባ፣ በእጅ ነበር፤ አንዲት ኪሎ ለመሙላት በሺህ የሚቆጠር አበባ።