የሥነ ጥበብ ተማሪዎችና የሥራ ውል

የሥነ ጥበብና የዲዛይን ትምህርት መሳልን፣ መቅረጽንና ቀለም ማዋሐድን ያስተምራል። ተመራቂው በሙያው ለመተዳደር ግን ዋጋ መተመንን፣ ደንበኛን ማነጋገርንና መዋዋልን ጭምር ማወቅ ይኖርበታል።

ለአብነት አንድ የንብ አናቢዎች ማኅበር ለማር ማሸጊያው ሥዕል አሠራ እንበል። ወጣቱ ባለሙያ ሥራውን አስረክቦ ክፍያውን ተቀበለ። ከዓመት በኋላ ማኅበሩ ያንኑ ሥዕል በሰም ምርቱ ላይ ቢያትመው፣ ባለሙያው ተጨማሪ ክፍያ መጠየቅ ይችላል?

መልሱ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 ውስጥ ይገኛል። ወጥ የሆነና ግዙፍነት ያገኘ ሥራ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ጥበቃ አለው፤ ለዚህም ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ኢኮኖሚያዊ መብቱ በሠዓሊው ዕድሜ ዘመንና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመታት ይጸናል። ይሁንና ሥራው በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ከሆነ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የኢኮኖሚያዊ መብቱ ባለቤት አሠሪው ወይም ያዘዘው ወገን ነው። በምሳሌው ላይ ያለው ወጣት በውል ያስቀረው መብት ከሌለ ጥያቄው ተቀባይነት አያገኝም ማለት ነው።

በመሆኑም ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሚከተሉትን በጽሑፍ መስማማት ይገባል፦

• የሥራው ዓይነትና የማስረከቢያ ቀን፤
• ቅድሚያ ክፍያና ቀሪው የሚከፈልበት ጊዜ፤
• ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚደረግ የማሻሻያ ብዛት፤
• ሥዕሉ በየትኞቹ ምርቶች ላይ እንደሚውልና መብቱ የማን እንደሚሆን።

ውሉ አሠሪውንም ይጠቅማል፤ ማኅበሩ የከፈለበት ምልክት ለተወዳዳሪው እንዳይሸጥ ያደርጋል። ተማሪዎች ይህንን ከምረቃ በፊት፣ ለእውነተኛ ደንበኛ እየሠሩና ውል እየጻፉ ቢለማመዱት፣ በመጀመሪያው ሥራቸው መብታቸውን ሳያውቁ ከመስጠት ይድናሉ።