ቁርኝትና ቅይይር፦ ከሞርጋን ዝንቦች እስከ መጀመሪያው የክሮሞዞም ካርታ

ሜንዴል የተለያዩ ባሕርያትን የሚወስኑ ዘረ-መሎች ወደ ዘር ሕዋሳት የሚደለደሉት አንዱ ከሌላው ሳይያያዝ መሆኑን ከአተር አስተምሮናል። ይሁንና በማናቸውም ፍጡር ውስጥ የክሮሞዞሞች ቁጥር ከዘረ-መሎች ቁጥር እጅግ ያንሳል፤ ብዙ ዘረ-መሎች አንድ ክሮሞዞም መጋራታቸው ግድ ነው። ታዲያ የተጋሩት ሁልጊዜ አብረው ይወረሳሉን?

በኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ሃንት ሞርጋን ጥያቄውን ለፍራፍሬ ዝንብ አቀረበ። ግራጫ ገላና ሙሉ ክንፍ ያላቸውን ንጹሕ ዘር ዝንቦች፣ ጥቁር ገላና የቀነጨረ ክንፍ ካላቸው ጋር አዳቀለ። የተወለዱትን ሴት ድቅሎች ደግሞ ጥቁር ገላና የቀነጨረ ክንፍ ካላቸው ወንዶች ጋር አገናኘ። ዘረ-መሎቹ ባይያያዙ ኖሮ፣ ከ2,300 ልጆች ለእያንዳንዱ ዓይነት 575 ያህል ይደርሰው ነበር። የተቆጠረው ግን 965 ግራጫ ባለ ሙሉ ክንፍ፣ 944 ጥቁር ባለ ቀንጫራ ክንፍ፣ 206 ግራጫ ባለ ቀንጫራ ክንፍና 185 ጥቁር ባለ ሙሉ ክንፍ ነው።

አብዛኞቹ አያቶቻቸውን መስለዋል፤ ቁርኝት ማለት ይህ ነው። የቀሩት 391 ግን አዲስ ቅንብር ይዘው መጥተዋል፤ ከመቶ 17 መሆናቸው ነው። ምክንያቱ በሚዮሲስ፣ ማለትም የዘር ሕዋሳት በሚፈጠሩበት ክፍፍል ጊዜ ይታያል፦ ከአባትና ከእናት የመጡ ተጓዳኝ ክሮሞዞሞች ጎን ለጎን ይጣመራሉ፣ በትክክል በሚመሳሰል ቦታ ይቆረጣሉ፣ ከዚያም ቁራጮቻቸውን ተለዋውጠው ይጋጠማሉ። ድቅሎቹ ሴቶች መሆናቸውም ውጤቱን ወስኗል፤ በወንድ የፍራፍሬ ዝንብ ይህ ቅይይር አይካሄድምና።

የሞርጋን ተማሪ አልፍሬድ ስተርተቫንት ከዚህ አንድ እርምጃ ተሻገረ። ሁለት ዘረ-መሎች በተራራቁ መጠን በመካከላቸው ቅይይር የመፈጠር ዕድሉ ይሰፋል፤ ስለዚህ የአዳዲስ ቅንብሮች መቶኛ የርቀት መለኪያ ይሆናል ብሎ አሰበ። በ1913 ያሳተመው ሥራ በኤክስ ክሮሞዞም ላይ የስድስት ዘረ-መሎችን ተራ አሳየ፤ የቢጫ ገላና የነጭ ዓይን ዘረ-መሎች የአንድ አሃድ (ከመቶ አንድ አዲስ ቅንብር) ያህል ብቻ ተራርቀው ተገኙ። በ1931 ሃሪየት ክሬይተንና ባርባራ ማክሊንቶክ በበቆሎ ላይ ባሕርያት ሲቀያየሩ የክሮሞዞሞቹም አካል አብሮ እንደሚቀያየር በማይክሮስኮፕ አረጋገጡ።

መለኪያው ወሰን አለው። በሁለት ዘረ-መሎች መካከል ሁለት ቅይይር ከተፈጸመ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሊሸፍነው ይችላል፤ የአዳዲስ ቅንብሮች መጠንም ከመቶ 50 አያልፍም። በአንድ ክሮሞዞም ዳርና ዳር ያሉ ዘረ-መሎች ጨርሶ እንዳልተያያዙ ሊመስሉ የሚችሉት ለዚህ ነው። ረጅሙ ርቀት በቅርብ ጎረቤታሞች እየተከፋፈለ፣ ቁራጩ ርቀት እየተደመረ መለካት አለበት።

እነዚያን 391 ዝንቦች እንደ ስሕተት ቆጥሮ መተው ይቻል ነበር። ካርታው የተሠራው ግን እንደነሱ ያሉትን ጥቂቶች አንድ በአንድ በመቁጠር ነው።